በሰጋጅ ፊት አይታለፍም

ዝናቡ አባርቶ የአስር ሰላት አዛን እንዳበቃ ተሳፋሪው «እዚህ ጋ አቁምልኝ» አለና ወረደ። ከጅጅጋ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ሜዳ አብሽር በየቀኑ ባጃጁን አዙሮ የሚመለስበት ነው፤ ከአንድ ግራር በቀር ምንም አይቶበት አያውቅም። ሰውዬው ጫማውን አወለቀ፣ ተንበረከከ፣ ግንባሩን ወደ መሬት ደፋ። አብሽር ሞተሩን አጠፋ። ፍየሎቻቸውን እየነዱ የመጡትን ሴትዮም «ኤዶ፣ አክስቴ፣ እየሰገደ ነው፤ በፊቱ እንዳያልፉ» ብሎ አስቆማቸው።

ሱጁዱ ግን ረዘመ። ደግሞም ፊቱ ወደ መካ ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ነው። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ቢሆን ነው ብሎ አዘነለት፤ ሰላቱ ከንቱ እንዳይቀርም ቀስ ብሎ ተጠጋና «ወንድሜ፣ ቂብላው በዚህ በኩል ነው» አለው።

ሰውዬው ቀና ሲል ከደረቱ ሥር ካሜራ ብቅ አለ። እየሳቀ ያነሳውን ፎቶ አሳየው። ክብ ሐይቅ፣ ሐይቁ ውስጥ ሰማይና ያበበ የግራር ቅርንጫፍ፣ ከዳር ደግሞ ውሃ የምትጠጣ ንብ።

«ይሄ የት አገር ነው?»

ሰውዬው ወደ እግሩ ሥር አመለከተ። ዝናብ የሞላው የግመል ዱካ ነበር።

አብሽር አላመነም። ጭቃውን ፈርቶ ጫማውን አወለቀ፣ ተንበረከከ፣ ጎንበስ፣ አሁንም ጎንበስ አለ። ግንባሩ መሬት ሊነካ ሲል ንቧ ክንፏን አራገፈች።

«ሱብሃነላህ» አለ፣ ትንፋሹን ውጦ።

ከኋላው ሴትዮዋ መንገድ የጀመሩትን ፍየሎች በዱላቸው መለሱ። «ቁሙ» አሏቸው፤ «ይሄኛው የምሩን እየሰገደ ነው።»