ወደ ድሮው ስሪት

ቅዳሜ አባትየው ከሥራ ሲመለስ ጨዋታው አልከፈት አለው። ስክሪኑ ላይ «እድሳቱ ተጠናቋል» ከሚል ጽሑፍ ሌላ ምንም የለም። እድሳቱ በራሱ እንዳይመጣ የዘጋው እሱ ነው። ሰው ካልነካው አይታደስም።

ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሚጡ የሚሏት ልጃቸው ከክረምቱ በፊት ሞታለች።

ሚጡ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቤት ሠርታ ነበር። ጣራው ሐምራዊ፣ ደረጃው ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ነው። የሠራችው በሞድ ነው፤ ተጫዋቾች ራሳቸው አዘጋጅተው ጨዋታው ላይ በሚጨምሩት ትርፍ ዕቃ። የጨዋታውን ፀሐይ ከግድግዳው ሰዓት ጋር እኩል የሚያስኬድ ሞድም ጭናለች። ስለዚህ አባትየው ማታ ማታ ሲገባ እዚያም መሽቶ ይጠብቀዋል። መስኮቶቹ በርተው ያያል፤ ደጁ ላይ ትንሽ ይቆምና ይወጣል።

እሑድ ከሰዓት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ ሠፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል።

«ከታደሰ በኋላ የሚጡን የጨዋታ ዓለም ከፍተኸዋል?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«እምቢ አለኝ እንጂ መቼ ተከፈተ!»

«እሰይ! እነዚህ ሞዶች ከእድሳቱ በፊት ለነበረው ለድሮው ስሪት የተሠሩ ናቸው። ያለ እነሱ ከፍተህ ሴቭ ካደረግክ ቤቱ ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ እኔ አይደለሁም፣ የጨዋታው ባለቤት ራሱ ቢመጣ አይመልሰውም።»

ሽቦ መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ። ማውሱን ከኪቦርዱ ግራ አንስቶ ወደ ቀኝ አዞረው። ከዚያ የሚጡን ፋይሎች በሁለት ፍላሽ ገለበጠ፤ አንዱን ኪሱ ከተተው።

«የምንሞክረው ቅጂው ላይ ነው። ዋናውን ማንም እንዳይነካ።»

«የሚነካው ሰው መች ጠፋ!» አለ አባትየው ወደ በሩ እያየ።

እናትየው በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔን ነው?»

«ኮምፒውተሩን ለእህትሽ ልጅ እንስጠው ያልሽው ማን ነበር?»

«ብያለሁ። ታዲያ ማለትና መንካት አንድ ነው?»

«ግድግዳው ነዋ የነካው!»

«እትዬ፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ሂጂ» አለ ሽቦ። «ሰው ከኋላዬ ሲቆም እጄ ይተሳሰራል።»

«የገዛ ቤቴ ነው፤ ያሻኝ ቦታ እቆማለሁ።»

ግን ሄደች። ወዲያው ሻይ ይዛ ተመለሰች፤ በግራ እጇ ብርጭቆውን አስቀምጣ ምንም ያልፈሰሰበትን ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች።

ሽቦ ሱቁ ካለው፣ ኢንተርኔት ከማይነካው ማሽን ያመጣውን የድሮውን ስሪት ጫነ። ሞዶቹን አንድ በአንድ መለሰ፤ አንዱን ሲመልስ ጨዋታውን አስነስቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ቀጣዩን።

«አበባ የሚያጠጣ ሞድ አለ አላልከኝም? አጣሁት።»

«ይኖራል። ደጁ ላይ ያሉት አበቦች ሁልጊዜ ጠጥተው ነው የማገኛቸው።»

«እንግዲህ ሌላው ውስጥ ተሰንቅሮ ይሆናል።»

የእናትየው ጨርቅ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና መወልወሉን ቀጠለ።

ቅጂው ተከፈተ። ሜዳው አለ፣ ኩሬው አለ። ቤቱ ሊኖር በሚገባው ቦታ ባዶ ሣር ብቻ ነበር።

አባትየው ከወንበሩ ተነሳ። እናትየው አፏን በጨርቁ ያዘች።

«ቅጂው ነው! ቅጂው ነው አልኳችሁ!» አለ ሽቦ። «የጣራውና የግድግዳው ሞድ አብሮ ታድሷል። የድሮውን ካላገኘሁት...»

«ካልሆነ ተወው በቃ» አለች እናትየው። «እያየነው ከሚያልቅ ተወው።»

«ደስ አለሽ አይደል?» አለ አባትየው።

እናትየው መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን አዞረች። ሽቦ ሻዩን አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

«ልጅቷ ያወረደችውን ፋይል ታጠፋ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ የት! ኮምፒውተሩን አጨናነቅሽው እያልኩ ስጨቀጭቃት ነበር። አንድም ቀን ሰምታኝ አታውቅም።»

«እንኳንም አልሰማችህ።»

ያወረደችው ሁሉ የተከማቸበትን ፎልደር ከፈተ። የዘፈን፣ የቤት ሥራ፣ የድመት ፎቶ ክምር ነው። ወደ ታች ወረደ፤ ቆመ፤ እንደገና ወረደ። የድሮው ሞድ ከሥር ተቀብሮ ተገኘ። በአዲሱ ቦታ ተካውና ቅጂውን ደግሞ ከፈተ።

ሐምራዊው ጣራ ብቅ አለ።

ሽቦ ሦስት ጊዜ ዘግቶ ከፈተው። ምንም አልጎደለም። ያኔ ዋናውን አስገባና ወንበሩን ለቀቀ። «በል ወንድምዓለም፣ ተረከብ። ከእንግዲህ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ይሄ ማሽን ጋ ድርሽ እንዳይል።»

አባትየው ተቀመጠ። ኩሬውን ዞሮ ደጁ ላይ ደረሰ። እዚያም ቀን ነበር። ቤቱን በፀሐይ አይቶት አያውቅም። ከመስኮቱ ሥር፣ የአበባው ጥላ ውስጥ፣ አንዲት ቡራቡሬ ድመት ተጋድማለች።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለ። «ሽቦ፣ ምን ጨመርክበት?»

«እኔ? ምንም አልጨመርኩም።»

እናትየው ከመስኮቱ ሳትዞር መለሰችለት።

«እሷ የምትወጣው ቀን ቀን ነው፤ አንተ ሥራ ስትሄድ።»