የጠዋቱ ልውውጥ

የአውሮፕላኑ ሞተር ድምፅ አየር ላይ ሲሰልል ተማሪዋ አብራሪ አልደነገጠችም። አስተማሪዋ ካፒቴን ጉደታ ሳይነግሩ ጋዙን ቀንሰው መፈተን ልማዳቸው ነው።

«ዛሬ አልፈትንሽም ብለውኝ አልነበር?» አለች ቅር ብሏት።

ዞር ብላ ስታይ ግን ሁለቱም የካፒቴኑ እጆች ጉልበታቸው ላይ ናቸው። ሞተሩም ጭራሹን ጠፋ።

«እኔ አልነካሁትም» አሉ ቀስ ብለው። «እንደለመድሽው አውርጂው።»

የአውሮፕላኑን አፍንጫ አስተካክላ ፍጥነቷን ጠበቀች። ነዳጁ ከሌላኛው ታንክ እንዲመጣ አዙራ ሞተሩን ሁለቴ ለማስነሳት ሞከረች፤ እምቢ አላት። ከታች የታጨደ የስንዴ ማሳ ስላየች ወደዚያው አቀናች። አውሮፕላኑ ገለባው ላይ እየተንገጫገጨ ሄዶ ቆመ።

ካፒቴኑ ላባቸውን ጠርገው፣ አብራሪዎች ያጋጠማቸውን ብልሽት የሚጽፉበትን መዝገብ ገለጡ። ትናንት በዚህ አውሮፕላን የበረረው ከእሷ ቀድሞ ትምህርት የጀመረው ጓደኛዋ ኢዮስያስ ነው። «ምንም ችግር የለም» ብሎ ፈርሟል።

«ታዲያ ምን ነካው?» አሉ ካፒቴኑ።

እሷም አልገባትም። ዛሬ ጠዋት ኢዮስያስ «የመጨረሻ ፈተናዬን ባንቺ አውሮፕላን ልውሰድ፣ የኔን ውሰጂ፤ እሱ ለጀማሪ ይቀላል» ሲላት፣ አስቦልኝ ነው ብላ አመስግናው ነበር።

ካፒቴኑ ለትምህርት ቤቱ ሊደውሉ ስልካቸውን ሲያወጡ የእሷ ስልክ ቀድሞ ጮኸ። የኢዮስያስ መልእክት ነው።

«ፈተናውን አልፌያለሁ። እስካሁን አልተመለስሽም፤ ሞተሩ ዛሬም ጠፋ እንዴ?»