ሳይጨልም አገር ማየት

ልብስ ሰፊዋ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰፈሯ ርቃ አታውቅም። ዛሬ ግን የሱቋን በር ከርችማ፣ ቁልፉን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በጉብኝት አውቶቡስ ተሳፈረች። አሥራ አንድ ቀን፣ ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ። ሰፈርተኛው «ማይክራፎን» የሚላት ሴት ናትና አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሳይወጣ ተሳፋሪው በሙሉ ጉዳይዋን አወቀ።

«ወንድሜ ዓይኑ ሊጠፋ ነው» አለች። «ስድስት ወር ነው የቀረው። እስቲ የፊት ወንበር የያዛችሁ ተነሡልን።»

ተነሡላቸው።

ወንድምየው የማተሚያ ቤት አራሚ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደቃቅ ፊደል ሲለቅም ይውላል። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በመርፌና በክር አሳድጋ ለዚህ አበቃችው። ዓይኔን አመመኝ ያላት ጊዜም እጁን ይዛ ክሊኒክ የወሰደችው እሷ ናት። የዓይን መመርመሪያውን መሣሪያ ሲያይ ፈርቶ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

«ጢም አብቅለህ ትፈራለህ እንዴ? እይ፣ እንዲህ ነው የሚቀመጡት» ብላ አገጯን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ሐኪሙ እየሳቀ እሷንም አየላት። ከዚያ የሱ ተራ ሆነ፤ እሷ ኮሪደር ላይ ከነርሷ ጋር ስለ ጋዎኗ ስፌት ስታወጋ ቆየች። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስድስት ወር አሉኝ» አላት። «ከዚያ በፊት አገሬን ባይ ደስ ይለኛል። ብቻዬን ግን አልችልም።»

ለራስሽ ሂጂ ቢሏት አትነቃነቅም ነበር። ለሱ ሲሆን ግን በማግስቱ ሻንጣ ገዛች።

በሁለተኛው ቀን ሙዚየም ገቡ። የጥንት ነገሥታት ካባ በመስታወት ውስጥ ቆሟል። እየጎተተች ከፊቱ አቆመችው።

«እታለም፣ ቀለሙን ንገሪኝ» አላት።

«ጥቁር ነው። የከሰል ጥቁር።»

«ሐምራዊ ነው» አለች አስጎብኚዋ በትሕትና።

«በአምፖል ቆጥባችሁ ጨለማ ውስጥ ካቆማችሁት ጥቁር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ወንድሟ አልሳቀም። ምን ያስቀው፣ ያየውን ሁሉ እየተሰናበተ ነው አለች በልቧ።

በአራተኛው ቀን ከድሮው ግንብ አናት ላይ ወጥተው፣ ሰዉ ፎቶ ሲነሣ እሷ ጥግ ይዛ ተንበረከከች። «የኔን ወስደህ ለሱ ስጠው» አለች። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? የዛሬ መርፌ እንደሆን ቀዳዳውን እየረሱ ነው የሚሠሩት።»

ስትነሣ ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል።

«እታለም፣ ሱቁን ብንሸጠውስ? እኔ ዘንድ ትኖሪያለሽ።»

«የምትታወረው አንተ፣ የሚሸጠው የኔ ሱቅ?»

ሳቅ ብላ አለፈችው። እሱ ግን አልተወም። ቁርስ ላይ ሱቁን፣ መንገድ ላይ ሱቁን። እያወራም የደረት ኪሱን ይዳብሳል፤ የታጠፈ ወረቀት አለ እዚያ ውስጥ። ምንድን ነው ብትለው ወሬ ይለውጣል።

በሰባተኛው ቀን ካደሩበት ሆቴል ጠማማ የእንጨት ደረጃ ስትወርድ እግሯ ሳተ። ወንድሟ ሦስት ደረጃ በአንዴ ዘሎ ክንዷን ጨበጠው።

«መጠኑን የማያውቅ ደረጃ» ብላ አናጢውን ረገመች። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አላት። ዓይኑ የሚጠፋ ሰው የሷን እግር በምን አየው?

በዘጠነኛው ቀን ፓርኩ ውስጥ አውቶቡሱ ቆመ። ሁሉም በመስኮት ተንጠለጠለ። ለሷ ጭጋጉ ወርዶ ነበር፤ ከግራጫ ቁጥቋጦ በቀር የሚታይ የለም።

«ዝሆን ነው አሉ» አለችው ክርኑን እየነቀነቀች። «እይ፣ የኔ ጌታ፣ እንዳያመልጥህ።»

«ሦስት ናቸው» አለ። «ትንሿ ከእናቷ እግር መሃል ቆማለች።»

ብታይ፣ ብታይ ትንሿን አጣቻት። ዓይኑ የሚጠፋው እሱ ግን ቆጥሯቸዋል።

ምሳ ላይ ሾፌሩን ለብቻው ያዘችው። «ወንድሜን እንዴት ታየዋለህ?»

«አንቺ ስታንቀላፊ ጋዜጣ ያነባል» አለ ሾፌሩ። «የማስታወቂያውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር። ዓይኑስ ከኔም ይሻላል።»

ሁለት ቀን አፏ ተዘጋ። ማይክራፎን ዝም ስትል አውቶቡሱ በሙሉ ጨነቀው። ያሳደገችው ልጅ። ዳቦ ከአፏ ነጥላ ያጎረሰችው ልጅ፣ ታወርኩ ብሎ አታልሎ፣ አገር ላገር አንከራትቶ፣ ሱቋን ሊያስፈርማት።

በመጨረሻው ቀን ፏፏቴው ዘንድ ደረሱ። ድምፁ ደረት ይመታል። ወንድሟ ወደ አጥሩ ሊያስጠጋት ክንዷን ሲይዝ፣ እጇን ሰድዳ ወረቀቱን ከኪሱ መነጨቀችው።

«የሽያጭ ውል ነው፣ አይደል?»

«እታለም፣ እባክሽ። መጀመሪያ ፏፏቴውን እይው።»

«አንተ እየው፤ ዓይንህ ደህና ነው።»

ወረቀቱን ዘረጋችው። ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል። አስጎብኚዋ እጅ ላይ ጣለችው።

«አንብቢው። ሰዉ ሁሉ ይስማልኝ።»

አስጎብኚዋ አየችው። «ውል አይደለም። የዓይን ክሊኒክ ወረቀት ነው። ‹ሕመሙ የማይድን ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሁለቱም ዓይኖች ሙሉ በሙሉ...›»

ልብስ ሰፊዋ አላስጨረሰቻትም። እውነት ነበር ማለት ነው። ይህን ምስኪን ልጅ ጠርጥራው ከርማለች። ዞራ አንገቱን አቀፈችው፤ እሱም አጥብቆ ያዛት።

«ማረኝ፣ የኔ ጌታ። ማረኝ» አለች። ከዚያ ወደ አስጎብኚዋ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ያስቆምሻል? ከላይ ጀምረሽ በሙሉ አንብቢው።»

አስጎብኚዋ ወንድምየውን አየችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች።

«ታካሚ፦ ሴት። ዕድሜ፦ ሃምሳ ሁለት።»