ዓሣዋ እስክትወልድ

ቡሬ የሰፈረው የጣሊያን ካፒቴን ሁለት ዓሣዎች ነበሩት። ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከምጽዋ ወዲህ ደግሞ በካሚዮን ያስመጣቸው ናቸው። አገሬው «ወንዙ ሙሉ ዓሣ እያለ ዓሣ በካሚዮን መጫን ምን የሚሉት ነው?» እያለ ሲስቅ ከረመ። ዓሣዎቹን ያየ ግን አልሳቀም።

አካላቸው ሾጠጥ ያለ፣ አፋቸው ሰፊ፣ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ወንዱ አረንጓዴ ሆኖ ጎኑ በቀይ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ሴቷ ታንሳለች፤ የሆዷ ቅላት በርበሬ ነው። ካፒቴኑ ከብዙ ግልገሎች መካከል የመረጣቸው ራሳቸው ተመራርጠው ጎን ለጎን ሲዋኙ አይቶ ነው። በግድ ካጣመሯቸው አንዱ ሌላውን ይገድላል ይላል።

በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይኖራሉ። የምትጠብቃቸው ሸጋዬ የምትባል የቡሬ ሴት ናት። ከፈጠም ወንዝ ትንንሽ ዓሣ በቅርጫት እየያዘች ከነነፍሱ ትጥልላቸዋለች፤ የሞተ አይነኩም። የቡሬ ብርድ እንዳይገድላቸውም ከሣጥኑ የቆርቆሮ ወለል ሥር ፋኖስ ታበራለች።

ባሏ ክንዱ ለአርበኞች ጥይት አቀብለሃል ተብሎ ወጀት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው ከተማ፣ ምሽግ ውስጥ ታስሯል። ካፒቴኑ በአስተርጓሚው በተስፋው አማካይነት፣ «ዓሣዋ የወለደች ቀን ባልሽን አስፈታልሻለሁ» ብሏታል። ሸጋዬም ዓሣ ትጠብቃለች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ከኅዳር ወዲህ ግን ያ ክፍል ያስፈራት ጀመር። ጠዋት ፋኖሱን ልትሞላ ስታጎነብስ፣ መስታወቱ ላይ ከኋላዋ የቆመ ሰው ታያለች። ትዞራለች፤ ማንም የለም። አንዳንዴም ሳል ትሰማለች፤ ክንዱ የሚስለውን ደረቅ ሳል። ዓሣዎቹ ራሳቸው እሷን ትተው ከትከሻዋ በላይ የሚያዩ ይመስላታል። ፈራች፤ መፍራቷንም ለማንም አልተናገረችም። ተስፋው መተት አስደርጎብኝ ይሆናል ስትል ግን ጠረጠረች።

ተስፋውን ለመጠርጠር ብዙ ማሰብ አያሻም። ጣሊያን ያበላው፣ ጣሊያን ያለበሰው ሰው ነው። በየቅዳሜው በካሚዮን ወጀት ሲወርድ ለክንዱ የምትልከውን ስንቅ በአገልግል ይዞላት ይሄዳል። አገልግሉ ባዶውን ይመለሳል። የተስፋውም ፊት ሰሞኑን ወዛ ወዛ ብሏል።

«አገኙት፣ አያ ተስፋው?»

«አገኘሁት።»

«ምን አለ?»

«ደህና ነኝ በላት አለ።»

ሁልጊዜ ይኸው ነው። አንድ ቀን ፈትላ ያሠራችውን ጋቢ ብትሰጠው አልቀበልም አለ።

«ልብስ ይቅርብሽ። ስንቁ ይበቃል።»

ልብስማ አይበላ! አለች ሸጋዬ በሆዷ።

በጥር ደግሞ የባሰ ነገር ይዞ መጣ።

«እቴ ሸጋዬ፣ የክንዱ የክርስትና ስም ማን ነው?»

ደነገጠች። የክርስትና ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ ምን እንደሚደረግበት ማን ያጣዋል?

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«ጸሎት አስይዝለታለሁ።»

የባንዳ ጸሎት! ግን እምቢ ብትል ስንቁንም ይተወዋል። «ወልደ ዮሐንስ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ ወዲያ ሳሉ ቆመ። መስታወቱም ላይ የሚታያት ሰው ጠፋ። ይህ ከፊተኛው ይልቅ አስጨነቃት፤ ስሙን አሳልፋ ሰጥታ ባሏን አደጋ ላይ የጣለችው መሰላት።

በሁዳዴ የሴቷ ሆድ ደም መሰለ። ሸጋዬ ካስቀመጠችላት የገንቦ ስባሪ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ወንዱ ደጇ ላይ ቆሞ ያለፈውን ሁሉ ያባርራል። አንድ ጠዋት ሸጋዬ ብትመለከት፣ በእናትየው ዙሪያ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። እልልታዋን አቀለጠችው።

ካፒቴኑ እየሮጠ መጣ። አየ፤ ሳቀ። ወዲያው ሸጋዬን አይቶ ሳቁን ዋጠ። ቆቡን አወለቀ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎም ብዙ ተናገረ። ሸጋዬ ወደ ተስፋው ዞረች።

«ምን አለ?»

«ከፋሲካ በኋላ ነው አለ።»

«ያን ሁሉ ተናግሮ ይህቺን ብቻ?»

«ጣሊያንኛ ይረዝማል።»

ሸጋዬ አላመነችውም። የካፒቴኑን ቃል ደብቆኛል፣ ስንቄንም በልቶታል ብላ ቆረጠች። ስንቁን ሲበላ በዓይኗ አይታ ለካፒቴኑ በምልክትም ቢሆን ልትነግረው አሰበች። ሐሙስ ዕለት በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን አገልግሉ ውስጥ አሳምራ ሞልታ ለተስፋው ሰጠችው። አርብ ከገበያተኞች ጋር ተቀላቅላ በማንኩሳ በኩል በእግሯ ወጀት ገባች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ካሚዮኑ ደረሰ። ተስፋው አገልግሉን አንጠልጥሎ ወረደ። ወደ ምሽጉ ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ይዞ ሄደ።

ያዝኩህ ሌባ! ብላ ተከተለችው። ክንዱ ተርቦ እሱ በጥላ ሥር ሊበላ ነው!

ተስፋው ቅጥሩ ጋ ደረሰ። ነዳያን ተደርድረው ተቀምጠዋል። የአገልግሉን ክዳን ከፈተ፤ በየእጃቸው ያድል ጀመር። ለራሱ ቁራሽ እንኳ አላስቀረም። ሸጋዬ ልትጮህ አፏን ከፈተች።

ነዳያኑ ከመቅመሳቸው በፊት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በአንድ ድምፅ፣ «የወልደ ዮሐንስን ነፍስ ይማር!» አሉ።