ሽማግሌ ይላክ

ኤማ አንድ ሰው ጎድሏት ተጨንቃለች። በመስከረም ከጓደኞቿ ጋር አዋሽን ተከትላ የአፋርን በረሃ በራፍት ልትወርድ ነው። ራፍት በአየር የሚነፋ ጀልባ ነው፤ የነሱ ስድስት ቀዛፊ ይፈልጋል። ያሉት አምስት ናቸው። ስድስተኛው እስከ እሑድ ካልተገኘ ጉዞው ቀረ ማለት ነው፤ ኤማ ደግሞ ለዚህ ጉዞ ያልለመነችው ሰው፣ ያላንኳኳችው በር የለም።

ኦስሎ ውስጥ የሐበሻ ወጣት ጠፍቶ አይደለም። በበረዶ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲንሸራተት የሚውለው ሁሉ፣ አዞ ሲባል የወገብ ሕመም ይነሣበታል።

ሰኞ ዕለት ብሪን ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትወጣ አሮን በር ላይ ጠበቃት። አዲስ ቀዛፊዎችን በመዋኛ ገንዳ የሚያሠለጥነው ጓደኛዋ ነው።

«ሰው ተገኝቷል» አላት። «ክንድ ብትይ ብረት፣ ድፍረት ብትይ ሙሉ።»

ኤማ እዚያው መንገድ ላይ ዘለለች። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ቤተሰብ ካልፈቀደ አይሆንም።»

«ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው እንዴ?»

«ኧረ ደርሷል! እንዲያውም በደንብ ነው የደረሰ።»

«እና ምን ፈቃድ ያስፈልጋል? ኖርዌይ እኮ ነው ያለነው!»

«ሐበሻም ነን። ሳይመረቁ በረሃ አይወረድም።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይላክ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። «የኔ ቤተሰብ ቢሆን ሳላስጨርሳቸው ነበር እሺ የምለው።»

አሮን አልሳቀም። ሐሙስ ገንዳ ስላለበት እንዳትቀጥረው ነግሯት ሄደ።

ይሄ ጭንቀት አልበቃ ብሎ፣ ሰሞኑን እናቷም ተለውጣባታለች። እናትየዋ መሠረት ቀን ባርነሃገው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ሕፃናት ስትጠብቅ ውላ፣ ማታ ሃውገሩድ ሰፈር ቤቷ ሶፋ ላይ የምታንቀላፋ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ አታውቅም። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ ትጠፋለች። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ፣ ሻምፖ ሻምፖ ትሸታለች። «እነዚያ ሕፃናት ከብደዋል» ብላ ትከሻዋን ታሳሻለች። ስልክ ሲደወል መኝታ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ታወራና ትስቃለች። ደዋዩ አቶ ተወልደመድህን ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ኤርትራዊ ጎረቤታቸው። እሳቸውም ሚስት ሞታባቸዋለች።

«ሰው ይዛለች» አለ ወንድሟ ፊሊፕ።

«ናይ! በፍጹም! እማዬ?»

«ሐሙስ ማታ ጸጉር ታጥቦ የሚመጣው ከየት ነው? ከማኅበር?»

ኤማ በዘዴ ልታወጣጣት ሞከረች። እናትየው ግን ወሬውን እየጎተተች አዋሽ ትከተዋለች። «አዞው ሰው ይበላል? ጀልባው ቢገለበጥስ?» ትላለች። «መተሐራ ሳለን ወንዶቹ ሲዋኙ እኛ ዳር ቆመን ነበር የምናየው። ሴት ልጅና ወንዝ ምን አገናኛቸው ይሉናል።» ሌላ እናት ብትሆን «በሞቴ አትሄጂም!» ብላ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። ኤማ ይህን ሁሉ ልስላሴ ጥፋት የደበቀ ሰው ልስላሴ ነው ብላ ያዘችው።

ቅዳሜ አቶ ተወልደመድህን ደወሉ።

«ነገ ከሰዓት ሽማግሌ ሆነን እንመጣለን። አንቺም ፊሊፕም ቤት ሁኑ፤ ጉዳዩ የእናታችሁ ነው።»

ፊሊፕ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አባዬን ረሳችው።»

ኤማም አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ግን «እሷ እኮ ለኛ ስትል ነው ያረጀችው» አለችው። «እኔ ከሄድኩ ማንን ታናግር? ግድግዳውን?»

«እሺ፣ ቢያንስ እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ እናመላልሳቸው።»

«ናይ። ለእማዬ ምልልስ የለም።»

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡና በሩ አጠገብ ተደርድረው ቆሙ። መሠረት እንደ ልጃገረድ ወጥ ቤት ገብታ ተደበቀች።

«ኧረ ቁጭ በሉ» አለች ኤማ።

«እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ተወልደመድህን፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆቼ፣ እናታችሁ ዕድሜዋን በሙሉ ለእናንተ ኖረች። አሁን ልቧ አንድ ነገር ተመኝቷል። ልጆቼ ካልፈቀዱ ንክች አላደርገውም ስላለች…»

«ፈቅደናል!» አለች ኤማ።

«ነገሩን ሳትሰሚ?»

«ነገሩ ገብቶናል አባባ። የሷ ደስታ ደስታችን ነው።»

«አንተስ?»

ፊሊፕ አፍንጫውን ጠረገ። «ያ… አዎ፣ ፈቅደናል።»

«ኋላ ቃላችሁን ብታጥፉስ?»

«ብናጥፍ የአባታችን አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋን!» አለች ኤማ። ከልቧ ነበር።

ሽማግሌዎቹ «እሰይ! ተባረኩ!» ብለው ተቀመጡ።

«በሉ የላከን ሰው ደረጃው ላይ በብርድ ቆሟል፤ ይግባ» አሉ አቶ ተወልደመድህን።

ኤማና ፊሊፕ ተያዩ። ሙሽራው እሳቸው አይደሉም እንዴ?

በሩ ተከፈተና አሮን አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ገባ።

«ይሄ?!» አለ ፊሊፕ፤ ግድግዳ ተደገፈ።

አሮን ከጀርባው ቀይ የመንሳፈፊያ ጃኬት አወጣና ወደ ወጥ ቤቱ ተጣራ፦ «እትዬ መሠረት፣ ተፈቅዷል! ነይ ለኪው፤ አዋሽ ላይ ከኤማ ጎን ነው የምትቀዝፊው።»