ማንም ሳይገፋው

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ ምን ፈርተሽ ነው የማትመርቂኝ?»

ልጄ ጊፍቲ አንድ እግሯን ሚኒባሱ ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።

እኛ ዘንድ ልጅ የእናቷን ምርቃት ሳትቀበል ሩቅ አገር አትሄድም። ምርቃቴን ከያዝኩባት ትቀራለች፤ እሷም ታውቃለች። የምትሄደው ባሕር ተሻግሮ ወዳለ የበረዶ አገር ነበር፣ ለትምህርት። ታላቅ ወንድሟን ሞሲሳን በዚሁ በመቱ መናኸሪያ መርቄ ወደ ጋምቤላ ወርቅ ፍለጋ ሸኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

የምትማሪውን ካስረዳሽኝ እመርቅሻለሁ ብያት ነበር። አይገባኝም ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ ነው።

ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ እጄን ይዛ አስረዳችኝ። ሂሊየም የሚባል፣ ከበረዶ እጅግ የባሰ የቀዘቀዘ ፈሳሽ አለ፤ ሲፈስ ምንም አይይዘውም። በውስጡ የጊዜ ክሪስታል የሚሉት ነገር ማንም ሳይገፋው እንደ ልብ ይመታል። እንዲህ ያሉ ሁለት ክሪስታሎችን ሲያቀራርቧቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ነገር አለ፤ ምታቸው ግን አይቋረጥም።

«ለዘላለም?» አልኳት።

«አይ፣ ቀስ እያለ ይደክማል።»

«አንደኛውን ብትወስጂውስ?»

ዓይኔን ሳታይ፣ «የቀረው ብቻውንም ይመታል» አለች።

ገባኝ። ምነው ባልገባኝ። እጄን ግን ለምርቃት አልዘረጋሁም።

ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሰዓት ሄደ አለ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ጊፍቲ ቦርሳዋን ከመቀመጫው አነሳች፤ ልትወርድ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም።

አብደታ የሚባል የጎሬ ቡና ነጋዴ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እትዬ፣ እሷንስ ይተዋት፣ እኛ ምን በደልንዎ? የያዩን ቁልቁለት የምንወርደው እኛ ነን፤ ሹፌራችንን ይመርቁልን።»

መኪናው ሁሉ ሳቀ። መንገደኛ ምርቃት ከለመነ ደግሞ እምቢ አይባልም። እጆቼን ዘረጋሁ።

«መንገዱ ይቅናችሁ። ክፉ አይንካችሁ። የወጣችሁበት ደጅ ይጠብቃችሁ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማኝ የጊፍቲ ድምፅ ነበር፤ እሷም ከመንገደኞቹ አንዷ ናት፣ ምርቃቱ ደረሳት።

የተዘረጋው እጄ ሳይወርድ በሩ ተዘጋ። ጊፍቲ ሄደች። እኔ ቀረሁ።