የውሰት መሰላል

አዛውንቱ አናጢ የወደቀውን ዋንዛ አይተው፣ «ለእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ከምከፍል ራሴ ጣውላ አወጣለሁ» አሉና ሞተር መጋዝ ተዋሱ። መጋዙ ቀጥ ብሎ እንዲሄድም የጎረቤታቸውን የእትዬ አስካለን የእንጨት መሰላል ለምነው ግንዱ ላይ ቸነከሩትና በጠርዙ እየተመሩ ሲቆርጡ ዋሉ።

ጣውላዎቹ ሁሉ እንደ ሙዝ ጎብጠው ወጡ።

«መጋዙ ምን ያድርግ፣ መሰላሉ ነው እንጂ ጠማማው!» ብለው በእርግጫ አሉት። «ይሄን የሠራ እጁ ይሰበር! እሱም አናጢ ነኝ ይል ይሆናል እኮ!»

እትዬ አስካለ አጥሩን ተደግፈው ሳቃቸውን ሲታገሉ ቆዩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እጅዎን አይርገሙ» አሉ በመጨረሻ። «ያኔ ሠርተው ሲያስረክቡኝ ‹ጠማማ ነው› ብልዎት፣ ‹ዓይንሽ ነው› ብለውኝ ነበር።»